ኮድ አልጽፍም፤ የሶፍትዌር መመሪያ ላይ ግን መሥራት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። የቢሯችን ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ሊብሬኦፊስ የሚባለው የቢሮ ሶፍትዌር ስለሆነ የሰንጠረዥ ፕሮግራሙን ካልክን ጠዋት ማታ እጠቀማለሁ። ኮድ መጻፍ አልችልም። ግን የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ዶክመንቴሽን ቡድኖች፣ ማለትም መመሪያውን የሚያዘጋጁት፣ በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋሉ ሲባል ሰማሁ። እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው፣ ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ኢንተርኔቴ የሞባይል ዳታ ነው። ከየት ልጀምር? በአማርኛስ መጻፍ ይቻላል? ደግሞ እውነቱን ንገረኝ፣ ምን አገኝበታለሁ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ትችያለሽ። («አንቺ» እያልኩ የምጽፈው በድሬ ልጅነታችን ነው፤ ሌላ አንባቢ እንዳይታዘበኝ።) ለላፕቶፑም፣ ለእንግሊዝኛውም፣ ለዳታውም መላ አለው። ኮድሽንማ እዚህ ሥራ ላይ ማንም አይጠይቅሽም።

ዶክመንቴሽን ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ባዶ ገጽ ከፍቶ አዲስ መመሪያ መጻፍ ነው። በዚህ በር የሚገባ አዲስ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሮጦ ይጠፋል። ቡድኖቹን የሚያስጨንቃቸው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ድሮ የጻፍነው ነገር ዛሬም ይሠራል ወይ? ይህን ለማወቅ አንድ ሰው መመሪያውን ይዞ፣ ማሽኑ ፊት ተቀምጦ፣ የተባለውን በተራ መሞከር አለበት። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽሽም። ፕሮግራመሮቹ ደግሞ ለዚህ አይሆኑም። ነገሩን በቃላቸው ስለሚያውቁት የጎደለው እርምጃ አይታያቸውም፤ እጃቸው ራሱ ይዘለዋል። አንቺ ግን እዚያ ጋ ትቆሚያለሽ። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ወራት አትጻፊ፣ ፈትሺ።

የት? በየቀኑ የምትከፍቺው ሶፍትዌር እያለ ሌላ አትፈልጊ። ሊብሬኦፊስ በ2010 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከኦፕንኦፊስ ተገንጥሎ የወጣ ነው፤ የሚመራውም ጀርመን ውስጥ የተመዘገበው ዘ ዶክመንት ፋውንዴሽን ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፌብሩዋሪና በኦገስት፣ አዲስ ቅጂ ያወጣል። በየቅጂው አንዱ ሜኑ ቦታ ይለቃል፣ አንድ አዲስ መስኮት ይጨመራል። የገጽ ቁጥርን ውሰጂ። ድሮ መጀመሪያ ሄደሩን ወይም ፉተሩን ትከፍቻለሽ፣ ከዚያ እዚያ ገብተሽ ቁጥሩን ታስገቢያለሽ። በ2023 በወጣው 7.6 ላይ ግን ከኢንሰርት ሜኑ «ፔጅ ነምበር» ስትዪ ከላይ ይሁን ከታች፣ ግራ ይሁን ቀኝ ብሎ ራሱ ይጠይቅሻል። የድሮውን መንገድ የሚያስተምር ገጽ ዛሬም አያሳስትም፣ ግን ሰውን ያለ ነገር ያዞራል። በነገራችን ላይ ከ7.6 ቀጥሎ የመጣው 24.2 ነው፤ ቁጥሩ ዓመቱንና ወሩን መከተል ጀምሮ ነው እንጂ በመካከል የቀረብሽ ቅጂ የለም።

እንግዲህ ለራይተር (ለጽሑፍ)፣ ለካልክ፣ ለኢምፕሬስ (ለስላይድ)፣ ለሌሎቹም ለየብቻቸው ጋይድ የሚባል መጽሐፍ አላቸው። አንቺ የካልኩን ያዢ። የሒሳብ ሰው ነሽ፤ ሰንጠረዥ ሲበላሽ ምን እንደሚያስከትል ፕሮግራመር ሊያስተምርሽ አይችልም።

አሠራሩ ለአንቺ ሁኔታ የተመቸ ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ ራሱን የቻለ የራይተር ፋይል ነው። ፋይሉን ታወርጃለሽ። ከኤዲት ሜኑ ለውጥሽን ምልክት አድርጎ የሚያሳየውን ትራክ ቼንጅስን ታበሪያለሽ። እርማትሽን እያስገባሽ፣ ጥያቄሽን በጎን በኮሜንት እየጻፍሽ ትሠሪና ትመልሻለሽ። ሌላ ሰው ያየዋል፤ ይቀበላል፣ ይጥላል ወይም ይጠይቅሻል። መብራት ቢሄድ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ ሰነዱ እጅሽ ላይ ነው። አንድ ምዕራፍ የሚበላው ዳታ ፎቶ ያለባቸው ጥቂት የቴሌግራም መልእክቶች የሚበሉትን ያህል ነው። ከበድ የሚለው ሶፍትዌሩን ማውረድ ነው፤ የዊንዶውሱ ከ300 ሜጋባይት በላይ ነው። ለእሱ የሌሊት ጥቅል ግዢ፣ ወይም ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርደሽ በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። ይህን ግን አትዝለዪው። ቢሮ ያለው ቅጂ አሮጌ ከሆነ በእሱ የፈተሽሽው ነገር ለቡድኑ አይጠቅምም፤ «ይህ እኮ ከሁለት ዓመት በፊት ተስተካክሏል» ይሉሻል። ለላፕቶፑ አታስቢ፤ አራት ጊጋ ራም ለሊብሬኦፊስ በቂ ነው።

ፋይሉን ስትከፍቺ አንድ ነገር ላይ እጅሽን ሰብስቢ። ርዕስ ለማድመቅ ቢ የምትለዋን አትጫኚ፣ ፊደልም በእጅ አታሳድጊ። ምዕራፎቹ በሙሉ የተዘጋጁት በስታይል፣ ማለትም ስም ተሰጥቶት አስቀድሞ በተዘጋጀ የጽሑፍ መልክ ነው። ኤፍ11ን ስትጫኚ የስታይሎቹ ዝርዝር በጎን ይወጣል፤ ለርዕስ፣ ለተቆጠረ እርምጃ፣ ለማስታወሻ ሁሉ የተመደበለት አለ። በእጅ ያደመቅሽው ርዕስ ማውጫው ውስጥ አይገባም። ከዚያ በኋላ አንዱ ፈቃደኛ ምሽቱን ሲያጸዳው ያመሻል። ይህን ያወቀ አዲስ ሰው በመጀመሪያ ሥራው ይለያል። ለመልመድ የቢሮሽን አንድ ሪፖርት ወስደሽ ሙሉውን በስታይል ብቻ እንደገና ሥሪው።

አሁን ፈትሺ ስልሽ ምን ማለቴ እንደሆነ ከራስሽ ጠረጴዛ ላሳይሽ።

አንድ የከዚራ ሱቅ የጳጉሜን ደረሰኝ ትመዘግቢያለሽ እንበል። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። እንደለመድነው 5/13/2016 ብለሽ ሴሉ ውስጥ ታስገቢያለሽ። የካልኩ የቋንቋ ቅንብር የአሜሪካ እንግሊዝኛ ከሆነ ምንም ሳይል ይቀበላል። አሜሪካኖቹ ወር ስለሚያስቀድሙ ግን የተቀበለው ሜይ 13 ቀን 2016 ብሎ ነው። የስምንት ዓመት ያህል ልዩነት፣ ያለ አንድ ማስጠንቀቂያ።

ቅንብሩ የእንግሊዝ ቢሆንስ? እነሱ እንደ እኛ ቀን ያስቀድማሉ። 13ኛ ወር ስለሌላቸው ግን ያው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ጥቅምት 20ን 20/2/2016 ብለሽ ብትጽፊ ቀን ነው ብሎ ይይዘዋል፤ ፌብሩዋሪ 20 አለና። ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብትዪ ግን ፌብሩዋሪ 30 የለም፣ ስለዚህ እንደገና ጽሑፍ። አንድ ወር፣ አንድ ዓምድ፣ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ተራ ጽሑፍ። አሁን ዓምዱን በቅደም ተከተል ደርድሪው። ካልክ ቀን ያላቸውን ከላይ፣ ጽሑፎቹን ከታች ይሰበስባቸዋል። ጥቅምት 30 ከጥቅምት 20 ተለይቶ ታች ይወርዳል፤ በመካከሉ የሌላ ወር ደረሰኝ ሁሉ ሊገባ ይችላል። ኦዲተር ሲመጣ የሚሆነውን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

በዓይን የሚለይበት መንገድ አለው። ሴሉን በእጅሽ ካልነካካሽው በስተቀር ካልክ ቀንን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ያስጠጋል። መፍትሔውም ቀላል ነው። ዓምዱን መረጃ ከመሙላትሽ በፊት ቴክስት አድርጊው፣ ከዚያ ዓመት አስቀድመሽ 2016/02/30 ብለሽ ጻፊ። ወሩንና ቀኑን ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ ካደረግሽ ሲደረደርም ልክ ይመጣል።

ይህን የደበረ የቢሮ ጣጣ ወደ አስተዋጽኦ የምትቀይሪው እንዲህ ነው። የካልክ ጋይድ ላይ ስለ ቀን አጻጻፍ የሚናገረውን ክፍል ፈልጊና ሙሉውን አንብቢ። ማስጠንቀቂያው እዚያ ካለ ጉዳዩ አለቀ፣ ወደ ሌላ እለፊ። ከሌለ ወይም ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ሪፖርት ጻፊ። የሊብሬኦፊስሽን ቅጂ ቁጥር ከሄልፕ ሜኑ «አባውት» ውስጥ ትወስጃለሽ። ዊንዶውስ ይሁን ሊኑክስ ትገልጫለሽ። የቋንቋ ቅንብርሽን ትናገሪያለሽ። ምን እንደጻፍሽ፣ ካልክ ምን እንዳደረገው፣ መመሪያው በየትኛው ገጽ ምን እንደሚል። መጨረሻ ላይ ልትጨምሪ የምትፈልጊውን ዓረፍተ ነገር ራስሽ አርቅቀሽ ታስቀምጫለሽ። ብዙ ሰው የሚያስቀረው ይህችን የመጨረሻዋን ነው። «መመሪያው ግልጽ አይደለም» ብሎ መላክ ለሌላ ሰው የቤት ሥራ መስጠት ነው። ከተረቀቀ ዓረፍተ ነገር ጋር ሲመጣ ግን ገምጋሚው ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል።

የእኛ ሰው «ይሄ የእኛ ችግር ነው፣ ለእነሱ ምናቸው ነው?» ይላል። አይምሰልሽ። የራሱን አቆጣጠር የሚጠቀም አገር ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም። ቀን አስቀድሞ ለሚጽፍ ግን ሶፍትዌሩ በአሜሪካ ቅንብር ለተጫነበት ማንኛውም ሰው ግማሹ ችግር ያው ነው።

ወደ እንግሊዝኛው ስንመጣ፣ መካከለኛ ያልሽው ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። የመመሪያ እንግሊዝኛ አጭር፣ ደረቅና ትእዛዝ መሰል ነው። «ይህን ክፈት። ይህን ምረጥ። እሺ በል።» እኛን የሚያስቸግረን ቢሮ የለመድነው የደብዳቤ እንግሊዝኛ ነው፤ ድርጊቱን ማን እንደሚፈጽመው የማይታወቅበት፣ «ካይንድሊ» የሚበዛበት። እሱን አራግፊው። ከመጀመርሽ በፊት የቡድኑን የአጻጻፍ መመሪያ አንብቢ። የሜኑ ስም እንዴት እንደሚጻፍ፣ ስክሪንሹት ምን ያህል እንደሚሆን እዚያ ተጽፏል። ስለ ስክሪንሹት ካነሳን፣ የድርጅትሽን እውነተኛ ደረሰኝ፣ የደንበኛ ስም ወይም ስልክ የሚያሳይ ምስል በጭራሽ እንዳትልኪ። የፈጠራ ስሞችና ቁጥሮች ሙይና ያንን ፎቶ አንሺው። የተሰቀለ ነገር አይመለስም።

ኤአይ ልጠቀም ወይ ማለትሽ አይቀርም። ያረቀቅሽውን ሰዋስው ለማቃናት ከሆነ ብዙም የሚቆጣሽ አይኖርም፤ ቢሆንም ቡድኑ በዚህ ላይ ያወጣው ደንብ ካለ እሱን አስቀድሚ። ሙሉ ገጽ አስጽፈሽ ሳትሞክሪው ከላክሽ ግን ይታወቃል። የሌለ ሜኑ ይጠቅሳል፣ የሌለ ቁልፍ ጫኚ ይላል። ገምጋሚ አንዴ ከጠረጠረሽ ደህናውን ሥራሽንም በጥርጣሬ ነው የሚያየው። ከሌላ መጽሐፍ መገልበጥም እንዲሁ ክልክል ነው። የሊብሬኦፊስ ጋይዶች ማንም ወስዶ እንዲያባዛቸው በሚፈቅድ የክሪየቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው የሚወጡት፤ ያንቺ ያልሆነውን በዚያ ፈቃድ መስጠት አትችይም።

ከቡድኑ ጋር ስትገናኚ ጭንቀት አያስፈልግም። በመጀመሪያው መልእክትሽ ማን እንደሆንሽ በሁለት መስመር፣ ካልክን ለምን እንደምትጠቀሚበት በአንድ መስመር፣ የትኛውን ምዕራፍ ማየት እንደምትፈልጊ በአንድ መስመር ጻፊ። «ምን ላግዝ?» ብሎ ብቻ መምጣት መልስ ለማግኘት ያስቸግራል፤ የሚያውቁሽ ሰዎች አይደሉምና ምን እንደሚመጥንሽ አያውቁም። በስም ነው የሚጠራሩት፤ ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ሰር የለም። ይህ አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይከብደው ይሆናል፣ የእኛ ከተማ ልጅ ግን አባቱ የሚሆኑትን ሰው «አንተ» እያለ ነው ያደገው፣ አቦ። ሳምንት ዝም ቢሉሽ አትቀየሚ። እነሱም እንደ አንቺ ከሥራ መልስ የሚሠሩ ናቸው። በትሕትና አንዴ አስታውሺያቸው።

ስብሰባ በኢንተርኔት አለ፤ ሰዓቱ የሚነገረው ብዙ ጊዜ በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው። ለእኛ ሰዓት ስሌቱ ቀላል ነው። ከተባለው ላይ 3 ቀንሺ፤ ከ12 ከበለጠ 12ቱን ጣዪ። 18 ሰዓት ቢሉሽ 15 ይሆናል፣ ማታ 3 ሰዓት ማለት ነው። በአውሮፓ ሰዓት ከነገሩሽ ግን ተጠንቀቂ። እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም፤ ትናንት ማታ 3 የነበረው ስብሰባ ሳይነግሩሽ ማታ 4 ይሆናል። ዳታ ቆጥቢ ከሆንሽ ካሜራሽን ዝጊ፣ ማንም አይታዘብሽም። ካልቻልሽም የስብሰባውን ማስታወሻ ማንበብ ይበቃል።

በአማርኛ መጻፍ ይቻላል ወይ ላልሽው፣ ይቻላል። የሊብሬኦፊስ ገጽታ በአማርኛ አለ፤ የትርጉም ሥራው የሚካሄደው ዌብሌት በሚባል መሣሪያ በብራውዘር ነው፣ የምትጭኚው ነገር የለም። ጋይድ በአማርኛ ማዘጋጀት ግን ሌላ ሸክም ነው፣ እኔ ዛሬውኑ ግቢበት አልልሽም። ምክንያቴ እንዲህ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ስትሠሪ የሚያርምሽ ሰው አለ፤ በነጻ ትማሪያለሽ። አማርኛው ላይ ብቻሽን ከገባሽ የሚያይልሽ የለም። የጻፍሽው ሳይገመገም ይቀመጣል፣ በስድስት ወር አዲስ ቅጂ ይመጣል፣ ያረጃል። መጀመሪያ እንግሊዝኛው ላይ ሁለት ሦስት ምዕራፍ ጨርሺ። በመሃል አንድ ጓደኛ አስለምጂ፤ ከሥራ ባልደረቦችሽ ወይም ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ልጆች መካከል። ሁለት ስትሆኑ አንዷ ትጽፋለች፣ ሌላዋ ትፈትሻለች። ያኔ ትንሽ ጀምሩ። መቶ ገጽ ጋይድ ይቆይና ከላይ ያነሳሁትን የቀን ነገር የሚያስረዳ ሁለት ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ይውጣችሁ። ሐረር ሸዋ በር ያለ የሱቅ ሒሳብ ሠራተኛ ነገ ይጠቀምበታል።

ካልክ ላንቺ እንጂ ለሁሉም ሰው ላይሆን ይችላልና ለሌላው አንባቢም አንድ ቃል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚሠራ ሰው ኮሃን ሊያይ ይችላል፤ ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ በ2000 ሥራ ላይ የዋለ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ነው፣ ትልቅ መመሪያም አለው። ሐረማያ ያለ የካርታ ሥራ ተማሪ ኪውጂአይኤስ ለሚባለው የካርታ ሶፍትዌር መመሪያ ቅርብ ነው። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ኤምዲኤንን፣ የድረ ገጽ አሠራር መመሪያዎቹን ስብስብ፣ ያውቀዋል። እነዚህ የፋይል ለውጦችን በሚመዘግበው መሣሪያ፣ በጊት ነው የሚሠሩት፣ መጀመሪያ ላይ ያስፈራል። የጊት ፕሮጀክቶች በሚቀመጡበት ጊትሃብ ድረ ገጽ ላይ ላለ ገጽ ግን የእርሳስ ምልክቷን ተጭኖ እዚያው ብራውዘር ላይ ማረም ይቻላል፤ ሙሉውን ፕሮጀክት አውርዶ ዳታ መጨረስ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር። የፊደል ስህተት ማረም ለመጀመሪያ ቀን ጥሩ ነው፣ ሥራ አድርገሽ ግን አትያዢው። በ2020 ሃክቶበርፌስት የሚባለው ዓመታዊ ዝግጅት ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች ለውጥ ለላኩ ሰዎች ቲሸርት ይሰጥ ስለነበር፣ ቲሸርቱን ፈልገው አንድ አንድ ቃል እየጨመሩ የላኩ ሰዎች ፕሮጀክቶቹን አጥለቀለቋቸው። አዘጋጆቹ በዚያው ወር ደንቡን ቀይረው ፈቅዶ የገባ ፕሮጀክት ብቻ እንዲቆጠር አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ትንንሽ ለውጥ እያከታተለ የሚልክ አዲስ ሰው ፊት አይሰጠውም።

ጥቅሙን እውነቱን ንገረኝ ብለሻል። ገንዘብ የለውም። «በጎ ፈቃድ ጀምሪ፣ ዶላር ይከተላል» የሚልሽ ካለ አትስሚው። የሚከፈልበት መንገድ ጠባብ ነው። አውትሪቺ የሚባለው ፕሮግራም በርቀት ለሦስት ወር ያህል በኦፕን ሶርስ ለሚሠሩ ተለማማጆች 7,000 ዶላር ሲከፍል ቆይቷል፤ የዶክመንቴሽን ሥራም ያካትታል። ለመግባት ግን አስቀድመሽ በተመረጠው ፕሮጀክት ላይ ሠርተሽ ማሳየት አለብሽ፣ ሙሉ ጊዜ ሥራ ያለው ሰውም ሥራውን ሳይለቅ አይገባበትም። ስለዚህ ደሞዝሽን ይዘሽ ቆዪ፣ የዚያን ዓመት መመዘኛ ገጻቸው ላይ አንብቢና ወስኚ።

የሚቀርልሽ ሌላ ነገር ነው። ካልክን ከመሥሪያ ቤትሽ ሰው ሁሉ በላይ ታውቂዋለሽ። በአጭሩ መጻፍ ትለምጃለሽ፤ ይህ ለሒሳብ ሪፖርትም ይሆናል። አንድ ምዕራፍ ላይ ስትሠሪ ደግሞ ስምሽ ከምዕራፉ መግቢያ ላይ ከአስተዋጽኦ አድራጊዎቹ ጋር ይወጣል። ሲቪሽ ላይ «የኦፕን ሶርስ ባለሙያ» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ማንም አያምንሽም። የመጽሐፉን ስም፣ የቅጂውን ቁጥር፣ የሠራሽውን ምዕራፍ፣ ከጎኑ «ግምገማና እርማት» ብለሽ ሊንኩን አስቀምጪ። ቃለ መጠይቅ ላይ ሲጠይቁሽ የጥቅምት 30ን ነገር ንገሪያቸው።